የዓለሚቱ የጡት ልጅ

ይህን የምጽፈው ስለ ውባለም ነው። ውባለም እህል አበጣሪ ናት፤ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ ሰፌዷን ይዛ ትቀመጥና የሰዉን ገብስና ስንዴ ከጠጠርና ከእንክርዳድ ትለያለች። ዕድሜዋ ሠላሳን በጥቂት አልፏል። ቀጠን ያለች፣ ቀይ ዳማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታወራ ሴት ናት። ስለ እሷ ማንም ጽፎ አያውቅም፤ ወደፊትም የሚጽፍ አይመስለኝም። እኔ የምጽፈው ደግ ስለሆንሁ አይደለም። አንድ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረኝ ድረስ በቤቷ የኖርሁት እኔ ነኝ፤ ቤቱ የእሷ መሆኑንም ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርሁ።

ስሜ ክንዱ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከተማችን በእስቴና በስማዳ መካከል ካሉት ትንንሽ ከተሞች አንዷ ናት። ስሟን ብጽፍ የማያውቃት አያውቃትም፣ የሚያውቃት ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱን ሊያማ ይነሣል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚታማው ግን እኔ ስለሆንሁ ስሟ ይቅር። ጠጠር የፈሰሰበት አንድ መንገድ፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ሁለት ወፍጮ ቤት አላት። የሌላት ቤት ነው። ገጠሩ ወደ ከተማ ገባ፣ መምህሩ መጣ፣ የባንክ ሠራተኛው መጣ፤ ጣሪያው ግን ያው የድሮው ጣሪያ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት በኪራይ ኖሬያለሁ። በከተማችን ቤት አከራይ ማለት ዘውድ ያልጫነ ንጉሥ ነው። መጨረሻ ላይ ያከራዩን ወይዘሮ ሣራ የስፌት መኪናዬ ድምፅ ራሴን ያመኛል ይሉ ነበር። እንግዳ ሲመጣብን በመስኮት ይቆጥራሉ፤ ውኃ ስንቀዳ ጀሪካኑን ይቆጥራሉ። ባለቤቴ ገነት ከስንት ዓመት ስለትና ጸበል በኋላ ባረገዘች በሦስተኛው ወር ጠሩንና፣ «ለባንክ ሰው ላከራየው ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁልኝ» አሉን። ገነት ወደ ጓዳ ገብታ ዕቃ መጠቅለል ጀመረች፤ መጠቅለል ለምዳለች።

በዚያው ሰሞን ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ቤት ችግር መላ ይዤ መጥቻለሁ አለ። አንደኛው መላ ቤት የሌላቸውን በማኅበር አደራጅቶ መሬት መስጠት ነበር፤ እኔም ተመዝግቤያለሁ፣ ግን እሱ ረጅም መንገድ ነው። ሁለተኛው የቀበሌ ቤቶችን እንደገና መቁጠር ነው። የራሱን ፎቅ ሠርቶ የቀበሌ ቤት የሚያከራይ ነጋዴ ነበር፣ ተነጠቀ። እኔም አጨበጨብሁ። ተከራዩ ሲሞት ደግሞ ቤቱ ለትዳር ጓደኛው ወይም ለልጁ ይተላለፋል፤ እነሱ ከሌሉ በዝርዝሩ ላይ ተራ ለደረሰው ይሰጣል ተባለ። ሕጉ ክፉ ሕግ አልነበረም፤ ዛሬም ክፉ ነው አልልም። ዝርዝሩ በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሄጄ አየሁ። ከላይ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነበር።

ከሞቱት ተከራዮች መካከል ደግሞ እመት ዓለሚቱ ነበሩ።

እመት ዓለሚቱ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከስማዳ ተሰደው የመጡ ሴት ናቸው። ባላቸውንም፣ የወለዷቸውን ሁለት ልጆችም መንገድ ላይ ቀብረው ነው ከተማችን የደረሱት። ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግንባታ ድንጋይ ሲሸከሙ ከረሙና ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተሰጠቻቸው። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው ሰፌድ ነበር። የእሳቸውን እጅ ያለፈ እህል ጥርስ አይሰብርም ይባል ነበር፤ ገበሬው ከሩቅ ቀበሌ ድረስ ስማቸውን እየጠራ ይመጣል። ውባለም የመጣችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እናት አባት የሌላት፣ ከወገዳ ማዶ። በረንዳው ጥግ ላይ ተቀምጣ እህል መልቀም ጀመረች። አሮጊቷ ሦስት ቀን አይተው በአራተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ይዘዋት ገቡ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን እመት ዓለሚቱ ነጭ ቴትሮን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «ለልጄ ነው። ለማርያም እንዲደርስልኝ» አሉኝ። አረንጓዴ ጥለት እጅጌው ላይ አድርግ አሉኝ፤ አደረግሁ። ያኔ ገና ጀማሪ ነበርሁና የግራው እጅጌ ጥለት ከቀኙ አንድ ጣት ያህል ወረደብኝ። መፍታት ነበረብኝ፤ ጊዜ አጠረኝ። በማርያም ቀን ጠዋት ቀሚሱን ለማድረስ ብሄድ አባ ገብረ ሥላሴ፣ የነፍስ አባታቸው፣ ከጎረቤታቸው ከአቶ ንጋቱ ጋር መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አባ ሲያዩኝ ሳቁ።

«እግዜር ላከህ። አንድ ምስክር ጎድሎን ነበር። ቁጭ በል» አሉኝ።

ውባለም ያንን ቀሚስ ለብሳ ወጣች። እመት ዓለሚቱ በስኒ ማር አቅርበው የቀኝ አውራ ጣታቸውን ነከሩና ለተንበረከከችው ልጅ አጎረሷት። ጡት መጣባት ማለት ይህ ነው፤ በእኛ አገር የጡት ልጅ የሚደረገው እንዲህ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ጡቴን ጠብተሻል። ስታመም ታስታምሚኛለሽ፣ ስሞት ትቀብሪኛለሽ። ያለኝም ያንቺ ነው» አሏት። ውባለም እያለቀሰች ጣታቸውን ሳመች። አባ ጸሎት አደረሱና መስቀላቸውን ይዘው ወደ እኛ ዞሩ። «ይህን ያየ፣ የሰማ፣ ሲጠየቅም የደበቀ በቃለ እግዚአብሔር የተገዘተ ይሁን» አሉ። አቶ ንጋቱና እኔ አሜን አልን። ከዚያ ማሩ ለሁላችንም ተዳረሰ፤ እኔ ወደ ሥራዬ ሄድሁ።

በዓመቱ ቀበሌው ቅጽ አምጥቶ የየቤቱን ሰው መዘገበ። ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ የወፍጮ ቤቱ ሰፈር ለእኔ ተሰጠኝ። እመት ዓለሚቱ ቤት ስደርስ ሁለቱም ሥራ ላይ ነበሩ። የማውቀውን ለምን እጠይቃለሁ ብዬ በደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሞላሁት። ከቤቱ ባለቤት ጋር ያላት ዝምድና የሚል ቦታ ነበር፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ሌላ። ወረቀት የሚፈልገው የወለዱትን ነው ብዬ «ሌላ» አልሁ። በተንኮል አልነበረም፤ ቸኩዬ ነበር። እንዲያውም ወዲያው ረሳሁት። ይህ እውነተኛው መርሳቴ ነው።

እመት ዓለሚቱ በግንቦት ሞቱ። ውባለም ስድስት ወር አስታምማቸው፣ አጥባ፣ ገንዛ፣ እንደ ልጅ ቀበረቻቸው። የአርባቸው ተዝካር ከወጣ በኋላ በሐምሌ መጀመሪያ ቤት አጣሪው ኮሚቴ ጠራት። ቅጹ ሌላ ይላል፤ እሷ ግን የጡት ልጅ ነኝ አለች። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ፈንታ ነው፤ ድሮ መምህር የነበረ፣ ቀጥተኛ ሰው። «የጡት ልጅ ከሆንሽ ልጅ ነሽ፤ እኛም የዚሁ አገር ሰዎች ነን። ያየ ሰው ብቻ አምጪልን» አላት። አቶ ንጋቱ ሞተዋል። አባ ገብረ ሥላሴ ካረጁ በኋላ ወደ ተማሩበት ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ተመልሰዋል፤ ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል። ቀጠሮው እንዲራዘምላት ብትለምን አባን የምታመጣበት መንገድ አይጠፋም ነበር። እሷ ግን ምን አለች መሰላችሁ፦ «ጋሼ ክንዱ አሉልኝ፤ ሽማግሌ ሰው ለምን ላንገላታ?»

ተራ ጠባቂ መሆኔን ኮሚቴው ያውቅ ነበር። ግን የጠራችኝ እሷ ራሷ ናት። ማን ምን ይላል?

ቤት ውስጥ ለገነት ምንም አልነገርኋትም። እግሬ እስከ አዳራሹ ድረስ እውነቱን ለመናገር ነበር የሄደው፣ ይህን እምላለሁ። ገብቼ ስቀመጥ ውባለምን አየኋት። ጥቁር ኩታ ደርባለች። ከኩታው ሥር ያንን ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ የግራ እጅጌዋ ወጥቶ ይታያል፣ ጥለቱ አንድ ጣት ወርዷል። የእኔ እጅ ነው። ሲያዩት ጋሼ ያስታውሳሉ ብላ ለብሳው መምጣቷ ነበር።

«ጋሽ ክንዱ፣ እርስዎ በዚያ ቀን ነበሩ ትላለች። ነበሩ?» አለ አቶ ፈንታ።

እጅጌውን አየሁት። ገነት የጠቀለለችው ዕቃ ታየኝ፤ ወይዘሮ ሣራ በመስኮት ሲቆጥሩ ታዩኝ።

«ቀሚስ ሰፍቼላቸው አውቃለሁ» አልሁ። «የጡት ልጅ መደረጓን ግን አላስታውስም።»

«አላስታውስም ማለት አልነበሩም ማለት ነው?»

«አላስታውስም።»

ከኮሚቴው አባላት አንዷ ሴትዮ አጉረመረሙ። «እንዴ፣ ይህ የሚረሳ ነገር ነው? ወይ ይዋሻሉ ወይ እሷ ትዋሻለች» አሉ። ያን ጊዜ ውባለም ተነሣች። ትጮህብኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ጋሼ ክንዱ አይዋሹም» አለች። «ረስተውት ነው። የስንቱን ሰው ልብስ ይሰፋሉ፣ ስንቱን ያስታውሱ።»

ይህን ብላ ኩታዋን አስተካክላ ወጣች። አቶ ፈንታ ብዕሩን አገላብጦ ጻፈ። በሳምንቱ ቁልፉ ተሰጠኝ።

ቤቷ ጠባብ ናት፤ ግን ቤት ናት። የሚያስወጣን የለም። ገነት በገባንበት ቀን ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ዘመን የለውም። የበሩ መድረክ ከፍ ያለ ድንጋይ ነው፤ እኔም እሷም ስንገባ ስንወጣ ጣታችንን እየመታን እንሳደብ ነበር። ግድግዳው ላይ ሰፌድ የሚሰቀልባት ችካል ነበረች፤ ኮቴን ሰቀልሁባት። ስንት ጊዜ በረገግሁ መሰላችሁ፣ ኮቴን ከዚያች ችካል ላይ ለማንሣት እጄን ስዘረጋ! የገጠር ሰው ጆንያ ተሸክሞ በር ያንኳኳና፣ «የእመት ዓለሚቱ ቤት አይደለም እንዴ?» ይላል። «አርፈዋል» እለዋለሁ። «ልጃቸውስ?» ይለኛል። ወደ ወፍጮ ቤቱ እያመለከትሁ በሩን እዘጋለሁ። ቅጽ ያልሞላ ገበሬ ሁሉ ልጃቸው ማን እንደሆነች ያውቅ ነበር።

ለውባለም ሰዎች ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ባዶ ጆንያ የሚከማችበትን ክፍል ለመኑላት፣ እዚያ ገባች። የእኔ የስፌት መኪና ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ጠዋት ዱቄት የመሰለ ብናኝ ጸጉሯ ላይ ይዛ ትመጣና፣ «እንዴት አደሩ ጋሼ» ትለኛለች። አንድ ጊዜ እንኳ ፊቷን አላጠቆረችብኝም። እኔ ግን በሁለተኛው ሳምንት መኪናዬን አዞርሁት፤ ጀርባዬን ለወፍጮ ቤቱ ሰጥቼ መስፋት ጀመርሁ። ለምን ሲሉኝ ብርሃን ፈልጌ ነው አልሁ። ውሸቴን ነው፤ ብርሃኑ ከኋላዬ ሆኖ ጥላዬ ጨርቁ ላይ ይወድቅ ነበር። ያን ጊዜ የሰፋሁት ሁሉ ጠማማ ነው። ደንበኞቼ ዓይንህን ታመምህ ወይ ይሉኛል፤ ታምሜያለሁ እላለሁ።

ለራሴ የምነግረው አንድ ነገር ነበረኝ፦ ለገነት ነው ያደረግሁት። ለሆዷ ላለው ልጅ ነው። ይህን እያልሁ እተኛለሁ፣ ይህን እያልሁ እነሣለሁ።

በጥር፣ በገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ምጡ መጣ። እኔ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ለደንበኛ ኮት እየለካሁ ነበር። የገነትን ድምፅ መጀመሪያ የሰማችው ውባለም ናት። ሰፌዷን ጥላ ሮጠች። እኔ ተከትያት ስደርስ እየገባች ነበር፤ እግሯን ወደ ታች ሳታይ አንሥታ ያንን መድረክ ተሻገረች። እኔ ኋላዋ ጣቴን መታሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እስክትመጣ ገነትን ይዛ የቆየችው እሷ ናት። ሴት ልጅ ተወለደች። ውባለም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋን እየለቀቀች አጥሚት እያፈላች፣ ልጅ እያጠበች፣ ገነትን እያሸች አራስ ቤቱን ይዛው ሰነበተች። በገዛ ቤቷ ደጃፍ ስትደርስ፣ «ቤቶች፣ ልግባ?» ትላለች። እኔ በደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እሰማታለሁ።

አንድ ቀን ገነት ልጇን እያጠባች ጠራችኝ።

«ክርስትና እናቷን አግኝቻለሁ። ውባለምን ልላት ነው። እናቴ ብትኖር ከዚህ የበለጠ አታደርግልኝም።»

«ሌላ ሰው ፈልጊ» አልሁ።

«ለምን?»

ሥራ ይጠብቀኛል ብዬ ወጣሁ። ድሃ ስለሆነች ነው መሰላት፤ አኮረፈችኝ። እኔ ደግሞ የማስበው ሌላ ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። በዚያ ቀን ውባለም በቤተ ክርስቲያን ፊት የልጄ እናት ትባላለች፣ እኔም አሜን እላለሁ። አንዴ በማር ፊት አሜን ብዬ ክጃለሁ። አሁን ደግሞ በጥምቀት ውኃ ፊት በየትኛው አፌ ነው የምለው?

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ለገነት ክር ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ቀሪውን በእግሬ ወደ ቤተ ልሔም ሄድሁ። ገብሱ ታጭዶ ያለቀበት ማሳ ባዶውን ነበር። ደብሩ ስደርስ ተማሪዎቹ በየጥላው ድጓቸውን ይዘው ያዜማሉ። አባ ገብረ ሥላሴ ከአንዲት ጎጆ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ነው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ክንዱ ነኝ አባ፣ ልብስ ሰፊው» ስላቸው እጄን ያዙ። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ያቺ የጡት ልጅ ያደረግናት እንዴት ናት? ዓለሚቱ ማረፏን ሰምቻለሁ። ልጂቱ ቤቷ ደኅና ተቀምጣለች?»

ያን ያህል መንገድ ያሰብሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። እግራቸው ሥር ተደፍቼ አንድ በአንድ ነገርኋቸው። አላቋረጡኝም። 

«አባ፣ ንስሐ ይስጡኝ። የፈለጉትን ያህል ስግደት፣ የፈለጉትን ያህል ጾም።»

«ሰግደህ ስትጨርስ የምትገባው የት ነው?» አሉኝ።

እግራቸው ሥር ያለውን አፈር በጣቴ ጫርሁ።

«ዓለሚቱ ቤት?»

«አዎ፣ አባ።»

«እንግዲያማ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ? መጀመሪያ የተጠየቅኸውን መልስ። ጥያቄው ገና እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ ተመልሰህ ና፣ ስግደቱን እሰጥሃለሁ።» ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብለው፣ «እኔንም ምነው ሳይጠይቁኝ ቀሩ» አሉ፤ «በሰው ጀርባም ቢሆን እመጣ ነበር።»

በማግስቱ ቤት ስደርስ ገነት ልጇን እያሻሸች ነበር። ክር አለመያዜን አየች። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት። እንደምትቆጣ አውቄያለሁ፤ የተቆጣችበት ነገር ግን ያላሰብሁት ነው። «ለአንቺና ለልጃችን ብዬ…» ብዬ ስጀምር ጉልበቴን በጥፊ መታችኝ።

«ለእኔ ብለህ እንዳትል! በእኔ አታሳብ! ብትጠይቀኝ ኖሮ ዛፍ ሥር እወልድ ነበር።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እዚህ አልጋ ላይ እጇን ነክሼ ነው የወለድሁት፣ ክንዱ። እጇን ነክሼ።»

እንዲያ ስታለቅስ ልጅቱም አለቀሰች። እኔ ኮቴን ከችካሏ ላይ አንሥቼ ወጣሁ።

አቶ ፈንታ ቢሮው ብቻውን ነበር። «ስለ ውባለም ነው የመጣሁት። አስታውሳለሁ» አልሁት።

ደስ አለው። «ይመስገን! ሰው ይረሳል፣ እንደገና ያስታውሳል፤ ችግር የለም፣ ይስተካከላል» እያለ መዝገቡን ሳበ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ በክብር እወጣ ነበር። ረስቶት ነበር፣ ትዝ አለው፣ ጨዋ ሰው ነው እባል ነበር። ግን የአባ እጅ እጄን እንደያዘ ነው።

«አልረሳሁም» አልሁ። «ያን ቀንም አስታውስ ነበር። ቅጹም ላይ ሌላ ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

አቶ ፈንታ ቅጹን አውጥቶ ጽሕፈቴን አየ፣ እኔን አየ። መልኩ ተለወጠ። «ይህን በጽሑፍ ይሰጡኛል» ብቻ አለኝ። በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ ጻፍሁለት።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቤቱ ለእመት ዓለሚቱ የጡት ልጅ ለውባለም እንዲመለስ ተወሰነ። እኔ ከተራ ጠባቂዎች ዝርዝር ተሰረዝሁ፤ ከማኅበሩ የመሬት ዕጣም ወጣሁ። ውሳኔው በሰሌዳ ሲለጠፍ ሰዉ ተሰብስቦ አነበበ። ተገቢዬ ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ልብስ ያሰፋኝ ሰው ጥቂት ነው፤ የወይዘሮ ሣራን እንኳ ሰላምታ አጥቻለሁ።

ልንለቅ ዕቃ ስንጠቀልል ውባለም መጣች። አራስ ልጅ ይዛችሁ በየሰው ቤት አትንከራተቱም፣ ክርስትናዋ ይድረስ፣ ፋሲካም ይለፍ አለች። ከዚያ ለአንድ ወር ከስንት ቀን አብረን ኖርን፤ እኛ በውስጠኛው ክፍል፣ እሷ መደቡ ላይ። ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አላነሣችም። ብትሰድበኝ እንዴት ቀለል ባለኝ! ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች፤ ክርስትና እናቷ ውባለም ናት። ያን ቀን ገነት በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ ነው አሜን ያልሁት።

በግንቦት መጀመሪያ ከከተማው ዳር አንድ ክፍል ተከራየን። የእመት ዓለሚቱ ሙት ዓመት እየደረሰ ነበርና ቤቱ ለልጃቸው መለቀቅ ነበረበት። ዕቃው በጋሪ ከሄደ በኋላ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁና ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብዬ ቆምሁ። የበደለ ሰው በእኛ አገር እንዲህ ነው ይቅርታ የሚለምነው፤ በሽማግሌ ፊት መሆን ነበረበት፣ ሽማግሌ ብልክባት አልፈልግም ስላለች ብቻዬን ሆንሁ።

ውባለም ወጥታ ስታየኝ ደነገጠች። ድንጋዩን ከትከሻዬ አንሥታ አወረደችው።

«ተዉ እንጂ ጋሼ፣ ምን ነካዎት።»

«በዚያን ቀን» አልኋት፣ «ረስተውት ነው ስትዪ፣ እውነት መስሎሽ ነበር?»

 እጇ ላይ የቀረውን አፈር አራገፈች።

«አይ» አለች። «እጅጌዬን ሲያዩት አይቻለሁ። ያወቁት ያኔውኑ ነው።»

«ታዲያ ምነው?»

«ይዋሻሉ ብል እልህ ይገቡና በዚያው ይቀሩ ነበር። ረስተውት ነው ካልሁ አንድ ቀን ትዝ አለኝ ብለው ይመጣሉ ብዬ ነው።» ቀስ ብላ ጨመረች። «ቆዩብኝ እንጂ። ክረምቱን ጆንያ ውስጥ በርዶኝ ነበር።»

እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው። እኔ ቆሜ አለቀስሁ፤ እሷ እያየችኝ አላባበለችኝም፣ አልከለከለችኝምም። ሲበቃኝ ወደ ውስጥ ገባችና ነጩን ቀሚስ ይዛ ተመለሰች። የግራው እጅጌ ብብቱ ሥር ተተርትሯል።

«ለእማ ሙት ዓመት እለብሰዋለሁ» አለችኝ። «ይስፉልኝ፤ እንዳይረሱት።»

የስፌት መኪናዬ አሁን ፊቱን ወደ ወፍጮ ቤቱ መልሷል። ወርዶ የቀረውን ጥለት ፈትቼ ከቀኙ ላስተካክለው አሰብሁና ተውሁት፤ የተተረተረውን ብቻ ሰፋሁ። በዚያኑ ዕለት ወሰድሁላት።